በሕግ አምላክ ሲባል የቆምንበት ቦታ

በዚያ ቀን በቀበሌያችን ግቢ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ሊቀመንበሩ ክፍሌ ከጭነት መኪናው ኋላ፣ የዘማቾቹን ስም ዝርዝር በደረቱ ይዞ። ደበበ የሚባለው የአብዮት ጥበቃና አንድ ስሙን የማላውቀው ጓደኛው ከመኪናው ሦስት እርምጃ ርቀው፣ ልብስ ሰፊውን ታፈሰን ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው። አቶ ረዲና አቶ ደምሴ፣ ሁለቱም የፍርድ ሸንጎ ዳኞች፣ በበረንዳው ቆርቆሮ ሥር፤ አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ዘማቾቹን ሸኙ ተብሎ የተጠራው ሰው አጥሩን ተደግፎ፤ ሰባ ያህል ይሆናል። የታፈሰ እናት ወይዘሮ ሙሉ ከበሩ ውጭ፤ እንዳይገቡ ስለተከለከሉ በበሩ ስንጥቅ የነጠላቸው ጥለት ብቻ ይታያል። እኔ ከጽሕፈት ክፍሉ መስኮት ኋላ፣ እስክሪብቶ በእጄ። እትዬ አስካለ ግቢው መሐል፣ ሌላ ማንም ባልቆመበት ቦታ።

ይህን ዝርዝር መጻፍ የነበረብኝ ያኔውኑ ነው። የፍርድ ሸንጎው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነበር። አልጻፍኩትም። የጻፍኩት ሌላ ነው።

እትዬ አስካለ ባለፈው ሰኔ አረፉ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስንቀብራቸው ዝናብ ስለያዘን የሕይወት ታሪካቸው በጥድፊያ ተነበበ። «በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት፣ በኋላም በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ በዳኝነት ኅብረተሰቡን በቅንነት አገልግለዋል» ተባለ። ወደ ድንኳኑ ስንመለስ አጠገቤ የሚራመድ አንድ ሽማግሌ «ከሰው ጋር ሳይጣሉ የኖሩ ሴት» አለ። ሰውየው ያን ቀን አጥሩን ተደግፈው ከነበሩት አንዱ ነው።

ከሰው ጋር ተጣልተው ነበር። ከሁላችንም ጋር፣ በአንድ ቀን።

ቤታቸው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አጭር ሴት ነበሩ፤ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከነጠላቸው ሥር የወንድ የሚመስል ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ። ሲናደዱ ድምፃቸው ከፍ አይልም። የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ጠረጴዛው ላይ አንዴ ጫን ያደርጉታል፤ የታይፕ ፊደል እንደሚመቱ። እሱን ያየ ዝም ይላል።

ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ለውጭ መንግሥታት ደብዳቤ በሚጻፍበት አንድ ቢሮ ነው። «ሥራዬ ምን ነበር መሰለሽ?» ይሉኝ ነበር፤ «አንድ ደብዳቤ ደጋግሞ መጻፍ። ድንበር ሲነካ እንጽፋለን። አውሮፕላን ሳያስፈቅድ ሲያልፍ እንጽፋለን። መጀመሪያ ‹እንቃወማለን›፣ ሲደገም ‹በጥብቅ እንቃወማለን›፣ ሲሰለስ ‹በጽኑ እንቃወማለን›። ከዚያ ወዲያ ቃል አልቆብን ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን።» ደብዳቤው በካርቦን አምስት ኮፒ ይወጣ ነበር። «አምስተኛው ላይ ምንም አይነበብም። ነገር ግን እሱም ፋይል ይገባል። ልጄ፣ በጽሑፍ የቆመ ጦር እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ልብ ብዬ ያዝኳት። ባልያዝኳት ይሻለኝ ነበር።

በሸንጎው ስቀጠር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ጽሕፈቴ የሚያምር፣ ሌላ ምንም የማላውቅ ሴት ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቃለ ጉባኤው ላይ «ተከሳሹ ተናደደ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ አስካለ አነበቡና ሰረዙት።

«መናደዱን በምን አየሽው?»

«ጠረጴዛውን በቡጢ መታው እትዬ።»

«እንግዲያው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ በዪ። ልቡን አንቺ አላየሽውም። ያየሽውን ጻፊ፤ ማን፣ የት፣ ምን አደረገ።»

ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ በዚህ መንገድ ነው፤ ከአንዲት ገጽ በስተቀር።

አንድ ቀን አቶ ገብሬና አቶ ሽብሩ የሚባሉ ጎረቤታሞች በአጥር ተካሰሱ። አቶ ሽብሩ አጥራቸውን ሁለት ክንድ ወደ ገብሬ ገፍተዋል ነው ክሱ። ሸንጎው ቦታውን ሊያይ ሄደ። አቶ ረዲ ገመድ ይዘው ሲለኩ፣ ገመዱ ሽብሩን ሐሰተኛ አደረጋቸው። ሰውየው ከቤት መጥረቢያ ይዘው ወጡና ገብሬ ላይ አነሱት።

እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ፣ ቀስ ብለው «በሕግ አምላክ» አሉ።

መጥረቢያው እላይ ቀረ። ሽብሩ እጃቸውን እንደሰቀሉ፣ ማውረድም መምታትም አቅቷቸው ቆሙ።

«ሽብሩ» አሉ አቶ ረዲ ገመዱን እየጠቀለሉ፤ «ገብሬን እንኳ በመጥረቢያ አትችለውም። ደረቅ ነው፤ መጋዝ ነው የሚፈልገው።»

ሰው ሳቀ። ሽብሩም እያጉረመረሙ መጥረቢያውን አስቀመጡ። አጥሩ በሦስተኛው ቀን ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስንመለስ እትዬ አስካለ መንገድ ላይ ጠየቁኝ። «ሽብሩ ለምን የቆመ ይመስልሻል?»

«ሕግ ፈርተው።»

«ሕግ ምኑ ይፈራል? ሁለት ቃል ነው የተናገርኩት፤ ያውም ቁጭ ብዬ።» ትንሽ ሄድን። «የቆመው ከኋላው ጠመንጃ የያዘው ደበበ ስለነበረ ነው። ደበበ ባይኖር ደግሞ ረዲ ነበረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነበረ። በአባቶቻችን ደንብ በሕግ አምላክ ተብሎ ያልቆመን ሰው የሰማ ሁሉ ይይዘዋል። የባለጉዳዩ ሥራ መናገር ነው፤ መያዝ የሰሚው ነው። ሕግ የራሱ ጥርስ የለውም ልጄ። ከጎረቤት ነው የሚበደረው።»

አባታቸው በሰሜን ሸዋ የታወቁ ነገር አዋቂ፣ ለሰው የሚሟገቱ ጠበቃ ነበሩ። ጣሊያን የመጣ ጊዜ እትዬ አስካለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ጉዳያችን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቀርቧል፣ ሃምሳ አገር ይፈርዳል የሚል ወሬ ሲመጣ የአገሩ ሽማግሌዎች አባትየውን ከበው ጠየቁ። አባትየው የጠየቁት ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር። «ጣሊያን የት ነው የተቀመጠው?» ከዳኞቹ ጋር ነው ተባሉ። «ዋስ ማንን ጠርቷል?» ዋስ አልጠራም ተባሉ። ተነሥተው ጠመንጃቸውን ወለወሉ። በዚያው ዓመት ሄደው አልተመለሱም። እትዬ አስካለ ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ጫን አደረጉ።

ከዚያ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ ተባለ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ፉከራ ሆነ። እሑድ ጠዋት በውይይት ክበብ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት የመጣ ካድሬ፣ አፉ የፈጠነ ወጣት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳን። ሲጨርስ አቶ ረዲ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይመጣ ተብሎ አሜሪካ አገር አንድ ረጅም ፎቅ ተሠርቷል ይባላል። የእኛም ባንዲራ በሩ ላይ አለ አሉ። እዚያ ያሉት ሰዎች ምን እየሠሩ ነው?»

«እየተሰበሰቡ ነዋ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «እንደ እኛ።»

አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው ስለ ኢምፔሪያሊዝም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እትዬ አስካለ ብድግ አሉ።

«ጓድ፣ የጠየቁት አልተመለሰላቸውም። እኔ ልመልስ። ሕጉ አለ፤ በእጄ ጽፌዋለሁ። ማንም አገር በሌላው ላይ ጦር አያንሳ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ራሱን የሚከላከል ግን ይችላል ይላል። እኔ በዕድሜዬ ወራሪ ነኝ ብሎ የዘመተ መንግሥት አላየሁም። ሁሉም ራሱን እየተከላከለ ነው። ጣሊያንም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ራሱን ይከላከል ነበር። ፍርድ ቤትም አለ፤ ተከሳሹ እሺ ካላለ አይቀርብም። ሽብሩን እሺ ካላልክ አትከሰስም ብንለው አጥሩን ይመልስ ነበር?»

«ኧረ እኔን ይተዉኝ እትዬ፣ መልሻለሁ እኮ» አሉ ሽብሩ ከመሐል።

«ከዳኞቹም አምስት ትልልቆች አሉ። ከአምስቱ አንዱ አይሆንም ካለ ፋይሉ ይዘጋል። ዱላውን የሚሸጡትም እነዚያው ናቸው። ሶማሊያ የምትነዳውን ታንክ የሰጣት ማነው? ለእኛስ አሁን በመርከብ የሚጫነው ከማን ነው? ሁለቱን ጎረቤቶች ዱላ ያስያዘ ሰው ‹በሕግ አምላክ› ቢል ማን ይሰማዋል?»

ይህን ጊዜ የሳቀ የለም። ያን ሰሞን አዲሶቹ ወዳጆቻችን እነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ካድሬው ደብተሩን ገለጠ።

«ስም ማን ልበል?»

«አስካለ። በአልፋው አ ነው፣ በዐይኑ እንዳይሆን።»

እሳቸው የተናገሩትን ዛሬም በሬዲዮ አረጋግጣለሁ። አንድ አገር ሌላውን ይገባበታል፣ ከተማ ይቃጠላል፣ ረጅሙ ፎቅ «በእጅጉ አሳስቦኛል» ይላል። ማሳሰብ ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል። እኛ መኪናው በመጣ ቀን ፈራን፤ ዘመኑ የሚያስፈራ ነበር፣ ለትንሽ ቃል ሰው ይጠፋ ነበር። እነሱ ማንን ፈርተው ነው? ይህን ለራሴ መጽናኛ ብዬ አልጠይቅም። ቁጣዬን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለነሱ ብሰጥ የእኔ ድርሻ አይቀንስም።

ቀበሌያችን አሥራ ሁለት ዘማች ያቅርብ ተባለ። ከከፍተኛው የመጣው መመሪያ በስብሰባ ተነበበ፤ ለእናቱ አንድ የሆነ አይሄድም ይላል። ሰው አጨበጨበ። ዝርዝሩ በቢሮው በር ላይ ሲለጠፍ ስድስተኛው ስም የክፍሌ የእህቱ ልጅ ነበር። ሦስት ወንድሞች አሉት። በማግሥቱ ወረቀቱ ተለወጠ። ስድስተኛው ታፈሰ ሆነ።

ታፈሰ ፌርማታው አጠገብ ባለች የእንጨት ቤት ውስጥ በአንዲት የእግር መኪና የሚሰፋ፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርድ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ለወይዘሮ ሙሉ አንድ ልጅ ነው። ሌሎችም ወልደው ነበር፤ ቀብረዋቸዋል። በመመሪያው መሠረት ለእሳቸው የቀረውን ማንም ሊነካባቸው አይችልም ነበር።

ወይዘሮ ሙሉ ወደ ሸንጎው መጥተው «እኔ ሕግ አላውቅም፤ የተነበበውን ግን ሰምቻለሁ፣ አጨብጭቤያለሁም» አሉ። እትዬ አስካለ ጉዳዩን በዚያው ቀን አዩት። ታፈሰ ለእናቱ አንድ ስለሆነ እንዳይወሰድ ሸንጎው ወሰነ። ሦስቱም ዳኞች ፈረሙ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ሙሉ ወረቀቱን ሳሙት። ሕግ ያቆማል ብዬ ያመንኩት የመጨረሻዋ ሰዓት ያቺ ናት።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው መጣ። አሥራ አንዱ ተሳፈሩ። ታፈሰን ከልብስ መስፊያው ላይ አንሥተው አመጡት። እትዬ አስካለ የውሳኔውን ወረቀት ይዘው ከቢሮው ወጡና ግቢው መሐል ቆሙ።

«በሕግ አምላክ» አሉ።

ደበበ ቆመ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የታፈሰን ክንድ ለቀቅ አደረገ፤ የሸሚዙ እጅጌ ከተጨመደደበት ሲፈታ ይታይ ነበር። ጓደኛውም ቆመ። ከዚያ ደበበ ወደ ክፍሌ ተመለከተ፣ ክፍሌም ዓይኑን ወደ ስም ዝርዝሩ ጣለ።

ጊዜው አጭር ነው። ሆኖም አንድ ሰው ከአጥሩ ተነሥቶ ወደ መሐል ለመምጣት ይበቃው ነበር። አቶ ረዲ ሁለት ደረጃ ብቻ ነበር የሚወርዱት። አጥሩ ላይ ከነበሩት አንዱ በሕግ አምላክ ተብለው የቆሙት ሽብሩ ናቸው። መሣሪያ የያዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም እጃቸው ላልቶ ነበር።

እትዬ አስካለ ዞር ብለው በረንዳውን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «በሕግ አምላክ ብያለሁ።»

አቶ ደምሴ የባርኔጣቸውን ውስጥ ይመለከቱ ነበር። አቶ ረዲ አልተንቀሳቀሱም። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ክፍሌ ከዝርዝሩ ቀና አለ። «እትዬ አስካለ፣ አገር ተወሯል እኮ። ራሳችንን እየተከላከልን ነው። በዚህ ሰዓት የምን ሕግ ነው?»

«አገር መወረሩ እውነት ነው፣ መሄድ ያለበት ሁሉ ይሂድ። ወራሪው ግን የእህትህን ቤት አልፎ ነው እንዴ የመጣው?»

ከአጥሩ በኩል አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው። የክፍሌ ፊት ደም መሰለ።

«ጫን» አለው ደበበን።

ደበበ ጫነ። ታፈሰ አልታገለም። ከመኪናው ላይ ሆኖ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና «ይቺን ለእናቴ» ብሎ ለደበበ ሰጠው፤ ደበበ ኪሱ ከተታት። ለወይዘሮ ሙሉ ማድረሱን አላየሁም፤ ስለዚህ አደረሰ ብዬ አልጽፍም። መኪናው በጦር ኃይሎች ሰፈር በኩል ሄደ። ታፈሰ አልተመለሰም። የእግር መኪናው እናትየው እስኪሞቱ ድረስ በአንሶላ ተሸፍኖ ቤታቸው ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ ከዳኝነት ተሰናበቱ፣ ለሁለት ወር ያህልም ታስረው ተፈቱ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት አንድ ሰፈር ኖርን። ፌርማታ ላይ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» ይሉኝ ነበር፤ «ደህና ነኝ እትዬ» እላለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻል ነበር።

መኪናው የሄደ ዕለት ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ገብቶ ቆሞ ቃለ ጉባኤ አጻፈኝ። «የቀበሌው አሥራ ሁለት ዘማቾች ሁሉም በፈቃዳቸው፣ በደስታና በሆታ ተሸኝተዋል።» በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩት። አቶ ረዲና አቶ ደምሴ በየተራ ገብተው ሳይቀመጡ ፈረሙ። መጨረሻ እትዬ አስካለ ገቡ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አነበቡ።

«ታፈሰ በፈቃዱ ነው የሄደው?»

«እንዲህ ብለሽ ጻፊ ተባልኩ።»

«ተባልሽ። ያየሽውስ?»

እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ማን እንደነበረ፣ የት እንደቆመ ጻፊ። ሌላ አልልሽም።»

«ምን ያደርጋል እትዬ?» አልኩ። የተናደድኩት በእሳቸው አልነበረም፣ በእሳቸው ላይ ግን ወጣ። «በጽሑፍ የቆመ ጦር አላየሁም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሌባ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አንዴ ጫን አደረጉ።

«ጦር እንዲያቆም አይደለም» አሉ። «በኋላ አላየሁም እንዳትይ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው በክሩ ለቀቁት።

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«መስኮቱ ጋ።»

«እሱንም ጻፊ።»

ሳይፈርሙ ነጠላቸውን ካፖርታቸው ላይ አስተካክለው ወጡ።